«የጸደይ ሥርዓት» የተባለውን የመድረክ ዳንስ ለማየት ካሰባችሁ ከየትኛው ቅንብር ትጀምራላችሁ?

ታሪኩ አጭር ነው። አንድ የጥንት ነገድ ብርዱ አልፎ ጸደይ እንዲገባ፣ ምድርም ፍሬዋን እንድትሰጥ ብሎ ከልጃገረዶቹ አንዷን ጭዳ ያደርጋል። የተመረጠችው ልጅ በሽማግሌዎች ተከብባ ነፍሷ እስክትወጣ ትጨፍራለች። ልዑል መጥቶ አያድናትም፤ ድግምቱን የሚፈታ የለም፤ ከዕፀ ሳቤቅ የሚወጣ በግም የለም። ትሞታለች፣ መብራት ይጠፋል።

በእንግሊዝኛ «ዘ ራይት ኦፍ ስፕሪንግ»፣ በፈረንሳይኛ «ለ ሳክር ዱ ፕራንታን» የሚባለው ይህ ሥራ እ.ኤ.አ. ሜይ 29 ቀን 1913 በፓሪሱ የሻንዜሊዜ ቴአትር ለመጀመሪያ ጊዜ ሲታይ አዳራሹ በፉጨትና በጩኸት ተናውጦ እንደነበር ስለ እሱ የሚጽፍ ሁሉ ያነሣዋል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ቲኬት ለሚገዛ ሰው ግን የሚጠቅመው ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። የቫስላቭ ኒጂንስኪ ዳንስ ለጥቂት ምሽቶች ታይቶ ቀረ፤ የኢጎር ስትራቪንስኪ ሙዚቃ ግን ዓለምን ዞረ። ሙዚቃው ዳንሱን እንዳጣ ስለቀረ፣ ከዚያ ወዲህ ከመቶ በላይ ኮሪዮግራፈሮች (የዳንስ አቀናባሪዎች) የየራሳቸውን አልብሰውታል። ስለዚህ ፖስተሩ ላይ ያለው ርዕስ ምንም አይነግራችሁም። አንዱ ጋ ስትገቡ የሱፍ ቀሚስና ድብ ቆዳ ታያላችሁ፤ ሌላው ጋ ጭቃ፣ ሌላው ጋ እርቃን፣ ሌላው ጋ ሳልሳ። መታየት ያለበት ከርዕሱ ሥር በትንሹ የተጻፈው የኮሪዮግራፈሩ ስም ነው።

ታዲያ በምን እንለያቸው? አለባበሱንና ማስጌጫውን ለጊዜው ተዉት። እኔ የምይዘው መለኪያ አንድ ነው፦ ልጅቷ እንዴት ትመረጣለች? ዕጣ ነው? ሰው ነው የሚመርጣት? ወይስ የአካባቢው ሁሉ ዝምታ? የኮሪዮግራፈሩ አቋም እዚያች ቅጽበት ላይ ይገለጣል፤ የቀረው ዳንስ ከእሷ የሚመዘዝ ነው።

ስለ ሙዚቃው አንድ ነገር ብቻ ልበል። ርዝመቱ 35 ደቂቃ ቢሆን ነው። የሚጀምረው ባሶን በሚባለው የትንፋሽ መሣሪያ ሲሆን፣ መሣሪያው ከተለመደው ድምፁ በላይ ከፍ ብሎ ስለሚጫወት የታፈነ ሰው የሚያንጎራጉር ይመስላል። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ አውታሮቹ በሙሉ አንድ ድምፅ ደጋግመው መደለቅ ይጀምራሉ። በችክችካ ያደገ ጆሮ ወዲያው ጭብጨባውን ሊይዝ ይሞክራል፤ አይያዝም። ምቱ እኩል እየሄደ ጉልበቱ ግን ባልጠበቃችሁበት ቦታ ይወድቃል። ጨፋሪ ሲሳሳት የሚታየው፣ ተመልካችም የሚጨነቀው በዚህ ምክንያት ነው። ከመሄዳችሁ በፊት አንድ ጊዜ ብትሰሙት ጥሩ ነው፤ ሁለት ጊዜ መስማት ግን አያስፈልግም፤ ድንጋጤውን ትገድሉታላችሁ።

የመጀመሪያው እንዴት ነበር ለሚል

ሚሊሰንት ሆድሰን የምትባል አሜሪካዊት የዳንስ ተመራማሪ ከባለቤቷ ከኬኔት አርቸር ጋር ሆና ለዓመታት ሥዕሎችን፣ ማስታወሻዎችንና በሕይወት የነበሩ ሰዎችን ትዝታ ስትለቅም ቆይታ የጠፋውን የኒጂንስኪን ዳንስ መልሳ ገጣጠመችው። ጆፍሪ ባሌት የተባለው የአሜሪካ ቡድን በ1987 ሎስ አንጀለስ ላይ አቀረበው። በኋላ የሴንት ፒተርስበርጉ ማሪንስኪ ቴአትርም ወስዶታል፤ በመቶኛ ዓመቱ፣ ሜይ 29 ቀን 2013፣ እዚያው ፓሪስ፣ እዚያው ቴአትር መድረክ ላይ ተጨፍሯል።

ባሌት ማለት ጣት ላይ ቆሞ መንሳፈፍ ነው ብሎ ለሚያስብ ሰው ይህኛው እንግዳ ነው። እግሮቹ ወደ ውስጥ ዞረዋል፣ ጉልበቱ ታጥፏል፣ አንገት ወደ ጎን ዘንበል ብሏል፤ ክብደቱ ሁሉ ወደ መሬት ነው። ኒኮላስ ሮሪክ የነደፋቸው አልባሳት ከባድና በእጅ በተቀባ ጌጥ የተሞሉ ናቸው። ምርጫው የሚከናወነው በጨዋታ ነው፦ ልጃገረዶቹ ክብ ሠርተው ሲዞሩ አንዷ ትሰናከላለች፤ እንደገናም ትሰናከላለች፤ አለቀላት። ማንም አልጠላትም፣ ማንም አልመረጣትም፤ እግሯ ነው የከዳት። ከዚያ ሌሎቹ ዙሪያዋን እየረገጡ ሲዘሉ እሷ መሐል ላይ እንደ ተተከለ እንጨት ለረጅም ጊዜ ቀጥ ብላ ትቆማለች። ቀጥሎ ከሚመጣው ዝላይ ሁሉ ይልቅ እኔን የሚይዘኝ ይህ መቆም ነው። መጨረሻ ላይ ድብ ቆዳ የለበሱት አባቶች ሬሳዋን ወደ ሰማይ ያነሡታል።

ታሪክ ለሚወድ፣ ሥዕል ለሚወድ፣ ልጅ ይዞ ለሚሄድም ቢሆን ይህ ይሻላል። ልብ ግን አይሰብርም። ሁሉም ነገር ሩቅ ነው፤ ሙዚየም ውስጥ በመስታወት በኩል እንደማየት ነው። መጀመሪያ ይህን ያየ ሰው «እሺ፣ አስደሳች ነው» ብሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ ሌላውን ለማየት ላይመለስም ይችላል። ለዚህ ነው ሁለተኛ ላይ አድርጉት የምለው።

መጀመሪያ ይህን እዩ፦ ፒና ባውሽ

ጀርመናዊቷ ፒና ባውሽ ሥራዋን ቩፐርታል ከተማ ላይ ያቀረበችው ዲሴምበር 3 ቀን 1975 ነው። መድረኩን የነደፈው ሮልፍ ቦርዚክ ወለሉን በሙሉ በጥቁር አፈር አልብሶታል፤ ሌላ ማስጌጫ የሚባል ነገር የለም። ከእሱ በፊት ሌላ አጭር ሥራ ካለ በእረፍቱ ሰዓት ለሻይ አትውጡ፤ ሠራተኞች ትልልቅ መያዣዎች እየገፉ መጥተው አፈሩን ሲደፉና በመጥረጊያ ሲደለድሉ ማየት የትርዒቱ ግማሽ ነው። የፊት ረድፍ ላይ ከሆናችሁ ሽታው ይደርሳችኋል።

ሲጀመር አንዲት ሴት ደረቷን ወደ መሬት አድርጋ ቀይ ጨርቅ ላይ ተኝታለች። ጨርቁ ቀሚስ ነው፤ ሴቶቹ የለበሱት ስስ ፈዛዛ ቀሚስ ሲሆን ቀዩን የምትለብሰው የምትሞተው ናት። ስለዚህ ከመጀመሪያዋ ደቂቃ ጀምሮ ተመልካቹም ጨፋሪውም የሚያየው ያንን ጨርቅ ነው። ከእጅ ወደ እጅ ይሸጋገራል፤ የያዘችው እንደ ትኩስ ፍም ለሌላዋ ትሰጠዋለች። ምርጫው ሲደርስ ሴቶቹ ተጠጋግተው ይንቀጠቀጣሉ፤ አንድ በአንድ ጨርቁን ይዘው ወደ አንድ ወንድ ይራመዳሉ፤ ከፊቱ ይደርሳሉ፣ ይመለሳሉ። አንዷን ይይዛታል። ሌሎቹ ፊት ላይ የሚታየው ኀዘን ብቻ አይደለም፤ «እኔ አይደለሁም» የሚል እፎይታም አለበት። ባውሽን ከሌሎቹ ሁሉ የለየኋት በዚህ ነው። መሥዋዕቱን የሚያጸድቅ አምላክ መድረኩ ላይ የለም፤ ያሉት ወንዶችና ሴቶች፣ ፍርሃትና ቁጥር ናቸው። እንዲህ ያለ ምርጫ ለማየት የጥንት ነገድ መፈለግ አያስፈልግም።

ከዚያ በኋላ አፈሩ ሥራውን ይሠራል። በላብ ላይ ይለጠፋል፣ ቀሚሱን ያከብደዋል፣ እግርን ይይዛል። ጨፋሪዋ ደከመች ስትሉ በእርግጥ ደክማለች፤ የሚሰማችሁ ትንፋሽ ትወና አይደለም። በመጨረሻው ምት ፊቷን ወደ አፈሩ አድርጋ ትወድቃለች።

ይህንኑ ዳንስ ከ14 የአፍሪካ አገሮች የተሰባሰቡ ከ30 በላይ ወጣት ጨፋሪዎች አጥንተው ለዓለም አሳይተዋል። የልምምዱ ቦታ ሴኔጋል፣ ቱባብ ዲያላው መንደር ያለው ኤኮል ዴ ሳብል የተባለው የዳንስ ትምህርት ቤት ነበር፤ መሥራቿ ዠርሜን አኮኚ «የአፍሪካ የዘመናዊ ዳንስ እናት» የምትባል ናት። ዳካር ላይ ሊከፈት ቀናት ሲቀሩት፣ ማርች 2020፣ ኮሮና መጣና ሁሉም ተዘጋ። ከመበተናቸው በፊት ባሕር ዳርቻው አሸዋ ላይ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ፣ አንድ ጊዜ ሙሉውን ጨፍረው ተቀረጹ። መድረክ ላይ የወጡት በ2021 ማድሪድ ውስጥ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ብዙ አገር ዞረዋል።

«አፍሪካውያንን በባዶ እግር አፈር ላይ የመሥዋዕት ጭፈራ ማስጨፈር አይከብድም?» የሚል ጥያቄ ይነሣል፣ ተገቢም ነው። በኒጂንስኪው ድብ ቆዳ ወይም ወደ ታች በማነሣው በማክሚላን ቀለም ቢሆን ኖሮ እኔም አልወደውም ነበር። ባውሽ ግን ነገድ አላሳየችም። አንዲት እርምጃ ሳይለወጥ አዲስ የሆነው የጨፋሪዎቹ ሥልጠና ነው፤ ብዙዎቹ ከባሌት ክፍል ሳይሆን ከመንገድ ዳንስና ከባህል ጭፈራ የመጡ ስለሆኑ ክብደታቸው ወደ መሬት ለመውረድ አይለመንም። ከተማችሁ ከመጣ የወሩን የምግብ ቤት በጀት ሠውታችሁም ቢሆን እዩት። ካልመጣ «ዳንሲንግ አት ደስክ» የተባለውን የባሕር ዳርቻውን ፊልም ፈልጉ። ቪም ቬንደርስ በ2011 የሠራው «ፒና» የተባለው ፊልምም በዚሁ ዳንስ ነው የሚጀምረው፤ ቁራጩን ብቻ ስለሚያሳይ ግን ሙሉውን አይተካም።

ባሌት ለለመደ ዐይን

ኬኔት ማክሚላን በ1962 ለለንደኑ ሮያል ባሌት የሠራው ብዛትን የሚወድ ሰው ምርጫ ነው። መድረኩን የሞላ ሕዝብ እንደ አንድ አውሬ ይንቀሳቀሳል፤ የተመረጠችው ከዚያ መሐል ተነጥላ ስትወጣ በጣም ትንሽ ትመስላለች። ሚናውን በመጀመሪያ የጨፈረችው ሞኒካ ሜሰን ገና ወጣት ነበረች፤ ከዓመታት በኋላ የዚያው ኩባንያ ዳይሬክተር ሆናለች። አሁን አሁን ወንዶችም ጨፍረውታል፤ ያ ደግሞ ነገሩን ከሴትነት ነጥቆ ወደ ሰውነት ያወጣዋል። ሠዓሊው ሲድኒ ኖላን ልብሳቸው ላይ ያተመው የእጅ አሻራና ቀለም ግን ከአውስትራሊያ ነባር ሕዝቦች የተወሰደ ነው፤ ዛሬ ሲታይ ዐይን ይቆረቁራል። ትልቁ ጥቅሙ ሙዚቃው በቀጥታ በሙሉ ኦርኬስትራ መጫወቱ ነው። ከላይ የጠቀስኩት ምት ከድምፅ ማጉያ ሲወጣና ከመቶ ሰው ገደማ እጅ ሲወጣ አንድ አይደለም።

ሞት ማየት አልፈልግም ለሚል ደግሞ ሞሪስ ቤዣር አለ። በ1959 ብራስልስ ላይ ያቀረበው ቅንብር ጭዳውን ጨርሶ አውጥቶታል። ከወንዶች አንድ፣ ከሴቶች አንዲት ይመረጣሉ፤ ሁለቱም ይፈራሉ፤ መጨረሻው ግድያ ሳይሆን ሩካቤ ነው። አልባሳቱ ከሰውነት ጋር የተጣበቀ ስስ ልብስ፣ መድረኩ ባዶ። ብዙ ሰው የሚወደው ነው፤ ለእኔ ግን ጥያቄውን የሸሸ ይመስለኛል። ሙዚቃው የሞት ሙዚቃ ነው፤ በሠርግ ሲዘጋ የሆነ ነገር ይጎድለዋል። የመጨረሻው የቡድን ቅርጽ እንዴት እንደሚያምር ግን አልክድም።

ማርታ ግርሃምን ላንሣና ልለፍ፦ በ1930 በሊዮኒድ ማሲን ቅንብር የተመረጠችውን ልጅ ሆና የጨፈረች ሴት፣ በ1984 ዘጠና ዓመት ሊሞላት ሲል የራሷን ሠራች። በቅንብሩ ባትደነቁ እንኳ በሴትየዋ ትደነቃላችሁ።

ከቤተሰብ ጋር የማይታዩ

የአንዥላን ፕሬልዦካዥ የ2001 ሥራ ሲጀመር ሴቶቹ የውስጥ ሱሪያቸውን አውልቀው ይጥላሉ፤ ሲያበቃ የተመረጠችው በግድ ተገፍፋ እርቃኗን ትጨፍራለች። ዓላማው ማስደንገጥ ብቻ አይደለም፤ ጸደይ የሚባለው ነገር ከጉልበትና ከመድፈር ምን ያህል እንደሚቀራረብ ያሳያል፣ በደንብም ያሳያል። ነገር ግን እናታችሁን ወይም ከቤተ ክርስቲያን የምታውቋቸውን ሰው ይዛችሁ አትሂዱ፤ ትርዒቱን ሳይሆን የእነሱን ፊት ስታዩ ታመሻላችሁ። የጀርመናዊቷ ሳሻ ቫልትስ የ2013 ሥራም መጨረሻው እርቃን አለበት፤ እሱ ላይ የማይረሳው ከጣሪያው ቀስ እያለ ቁልቁል የሚወርደው የብረት ሹል ነው። ማንም ቀና ብሎ አያየውም፤ ተመልካቹ ብቻ ነው የሚያየው።

ሙዚቃውን ለማይወድ

«ዳንሱ እሺ፣ ሙዚቃው ግን ራሴን አመመኝ» የሚል ሰው ብዙ ነው፣ አያሳፍርም። ለእሱ የማሳየው የሶዌቶዋን ልጅ የዳዳ ማሲሎን «ዘ ሳክሪፋይስ» ነው። የባውሽን ሥራ አይታ ተነሣሥታ፣ በ2021 ያቀረበችው ሥራ የስትራቪንስኪን ሙዚቃ ጨርሶ ትቷል፤ በምትኩ ደቡብ አፍሪካውያን ሙዚቀኞች ቫዮሊን፣ ኪቦርድና ከበሮ ይዘው ከጨፋሪዎቹ ጋር አሉ፤ አን ማሲና ትዘፍናለች። እንቅስቃሴው «ጽዋና» ከሚባለው የደቡባዊ አፍሪካ ሕዝብ ጭፈራ የተቀዳ ነው፤ እግር በፍጥነት መሬት ይመታል፣ እጅ ያወራል፣ አንዳንዴም ሳቅ አለ። ምርጫው እዚህ ላይ ጭካኔ የለበትም፤ ኅብረተሰቡ የሚወዳትን ልጁን ነው የሚሰጠው። ዘፋኟም እንደ እናት አጠገቧ ትቆማለች። ባውሽ ላይ የምትፈሩት ሰዎቹን ነው፤ እዚህ ግን ታዝኑላቸዋላችሁ። የቱ ይብሳል? እኔ ሁለተኛው ይመስለኛል። ማሲሎ የተመረጠችውን ራሷ ትጨፍራት ነበር፤ በዲሴምበር 2024 በ39 ዓመቷ ዐርፋለች።

አክራም ካን በ2013 የሠራው «አይትሞይ» የተሰኘው ሥራም ከስትራቪንስኪ ቁራጭ ብቻ ወስዶ በሌሎች አቀናባሪዎች ሙዚቃ የቆመ ነው። የሚከፈተው የአብርሃምንና የይስሐቅን ታሪክ እየጮኸ በሚሰብክ ሰው ነው። ለእኛ አንባቢ በቀላሉ የሚገባ መግቢያ ይመስላል፤ ከዚያ በኋላ ግን ነገሩ ወደ ቅዠት ይሄዳል። ታሪክ ተከትሎ መሄድ የሚፈልግ ሰው ይደክመዋል።

የእስራኤላዊውን የኢማኑኤል ጋትን የ2004 ሥራም ልታገኙ ትችላላችሁ፦ ሦስት ሴት፣ ሁለት ወንድ፣ ቀይ ምንጣፍ፣ በስትራቪንስኪ ሙዚቃ ሳልሳ። ቁጥሩ አይገጥምም፤ ሁልጊዜ አንዷ ያለ ጥንድ ትቀራለች። ምርጫ ማለት ይኸው ነው። ያለ ጭቃ፣ ያለ ደም፣ በሒሳብ ብቻ የሠራው ብልሃት ነው።

ከአዲስ አበባ በኩል ለሚመጣ

ሮይስተን ማልዱም የተባለው እንግሊዛዊ ኮሪዮግራፈር በ1990ዎቹ አጋማሽ አዲስ አበባ መጥቶ ከጎዳና ልጆች ጋር ሠርቷል፤ «አዱኛ» የተባለው የዳንስ ቡድን የወጣው ከዚያ ነው። ከቡድኑ ልጆች አንዱ ጁናይድ ጀማል ሰንዲ በ2004 ከጃፓናዊው ኮሪዮግራፈር ሳቡሮ ቴሺጋዋራ ጋር እንዲሠራ፣ የሰዓት አምራቹ ሮሌክስ ወጣት ከያንያንን ከታዋቂዎች ጋር በሚያጣምርበት ፕሮግራም ተመርጧል። ይኸው ማልዱም በ2003 በርሊን ውስጥ 250 ያህል የትምህርት ቤት ልጆችን ሰብስቦ፣ ያኔ በሰር ሳይመን ራትል ይመራ የነበረው የበርሊን ፊልሃርሞኒክ ኦርኬስትራ እየተጫወተ፣ «የጸደይ ሥርዓት»ን አስጨፈራቸው። ልምምዱን የሚከታተለው «ሪዝም ኢዝ ኢት!» የተሰኘው ፊልም በ2004 ወጥቷል። ብዙዎቹ ልጆች እንዲህ ያለ ሙዚቃ ሰምተው አያውቁም፤ ይስቃሉ፣ ይሰላቻሉ፣ ዝም ብሎ መቆም ያቅታቸዋል፤ እሱ ደግሞ ዝም ብለው እንዲቆሙ ይጨቀጭቃቸዋል። ከላይ የኒጂንስኪዋ ልጅ ቀጥ ብላ የምትቆምበትን ያነሣሁትን አስታውሱ፤ ያ መቆም ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ከዚህ ፊልም በላይ የሚያሳይ አላውቅም። ከአሥራ ሦስት ዓመት በላይ ልጅ ላለው ቤተሰብ፣ በባሌት ስም ለሚሸሽ ወንድም፣ ቲኬት ለመግዛት ለሚያመነታ ሁሉ ይህን አስቀድሙ።

ስለ መቀመጫ

ባውሽን ቅርብ ሆናችሁ እዩ፤ አምስተኛ ረድፍ ከሰገነት ይበልጣል፣ ውድ ከሆነም ጎን ላይ ቅርብ መሆን ይሻላል። ማሲሎም እንደዚሁ፤ ፊትና እጅ ካልታየ ግማሹ ይቀራል። ኒጂንስኪ፣ ማክሚላንና ቤዣር ግን በተቃራኒው ናቸው። ክቦቹና የሕዝቡ ቅርጽ የሚነበቡት ከላይ ስለሆነ ርካሹ የሰገነት ወንበር ጉዳት የለውም። ሥራው ብቻውን አጭር ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ ከሌላ ዳንስ ጋር ተጣምሮ ይቀርባል፤ የምሽቱ ርዕስ ሌላ ሊሆን ስለሚችል ፕሮግራሙን እስከ ታች አንብቡ። ሲያበቃ ከባውሽ ጨፋሪዎች ጋር ጭብጨባ ለመጨረስ አትቸኩሉ፤ ለሰላምታ ሲወጡ አብዛኞቹ ገና ትንፋሻቸው አልተመለሰም።